ካውንቲው ሲሸመግል፦ በአሜሪካ ገጠርና ከተማ የጎልማሶችና የአረጋውያን ድርሻ

(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ለኢትዮጵያውያን የማኅበረሰብ አባላት የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ። ከአሌክሳንድሪያም፣ ከፌርፋክስም፣ ከዚሁ ከሞንትጎመሪም ሥራ ውላችሁ፣ ቤት እንኳ ሳትገቡ በቀጥታ የመጣችሁ እንዳላችሁ አያለሁ፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ለማታውቁኝ፣ እኔ ነርስ ነኝ። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የሠራሁት ከአረጋውያን ጋር ነው፤ የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት በቨርጂኒያ ገጠር፣ የቀሩትን በዚህ በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ ካውንቲዎች፣ ማለትም እንደ አገራችን ወረዳ ባሉ የክፍለ ሀገር አስተዳደሮች፣ አሳልፌአለሁ። ዛሬ ስለ ቁጥር ልናገር ነው የመጣሁት፤ ነገር ግን ከእያንዳንዱ ቁጥር በስተጀርባ በእጄ ያጎረስኋቸው፣ ያጠብኋቸው፣ ዓይናቸውን የከደንሁላቸው ሰዎች አሉ፤ እባካችሁ ይህን ይዛችሁ አድምጡኝ።

መጀመሪያ ቁጥሩ ራሱ ምን እንደሚል፣ ቀጥሎ ለምን እንዲህ እንደሆነ፣ በመጨረሻም እኛን እዚህ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጥነውን እንዴት እንደሚመለከተን እናገራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ገጠር ሲባል በዓይነ ኅሊናችሁ የሚመጣው ምንድን ነው? እኔ በበኩሌ ልጆች ናቸው የሚመጡብኝ። ከብት የሚያግዱ፣ ውኃ የሚቀዱ፣ ታናናሾቻቸውን ያዘሉ ልጆች። ባደግንባት ኢትዮጵያ ከ65 ዓመት በላይ የሆነው ሰው ከመቶ አራት እንኳ አይሞላም፤ ገጠሩ ደግሞ ከከተማው ይበልጥ በልጆች የተሞላ ነው። እዚህ አሜሪካ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። እዚህ ገጠር ማለት የሽማግሌዎችና የአሮጊቶች አገር ማለት ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት በመጽሐፍ ሳይሆን በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ነበር።

በ1999 የነርስነት ፈቃዴን እንዳገኘሁ ቶሎ የቀጠረኝ በቨርጂኒያ ተራሮች መካከል በምትገኝ አነስተኛ ከተማ ያለ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነበር። ገና ስገባ ዓይኔን የሳበው ነገር በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተደረደሩት የልብስ መስቀያዎች ናቸው፤ ሁሉም በወገቤ ልክ ነበሩ። ለምን እንዲህ ዝቅ ብለው እንደተመቱ ግራ ገብቶኝ ስጠይቅ፣ ሕንፃው ቀድሞ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደነበረ፣ ልጆች እያነሱ ሲሄዱ ተዘግቶ ቆይቶ ወደ መንከባከቢያነት እንደተለወጠ ነገሩኝ። ከታካሚዎቼ አንዷ፣ ዘጠና ሊሞላቸው የተቃረቡ እናት፣ ፊደል በቆጠሩበት ክፍል ውስጥ ነበር አልጋቸው የተዘረጋው። ልጆቻቸው አንዱ በሪችመንድ፣ አንዷ በሻርለት፣ አንዱ በቴክሳስ ነበሩ። ያ ኮሪደር ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁትን ሁሉ በውስጡ ይዟል፤ አንድ ካውንቲ ልጆቹን ሸኝቶ ሽማግሌዎቹን ይዞ ሲቀር ምን እንደሚመስል በዓይኔ ያየሁት እዚያ ነው።

እሺ፣ ወደ ቁጥሩ እንግባ። በ1920 በመላው አሜሪካ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሰዎች 4.9 ሚሊዮን ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ አምስት አይሞሉም። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2020 ቆጠራ፣ 55.8 ሚሊዮን ሆኑ፤ ይህም ከሕዝቡ 16.8 በመቶ ነው። በ2024 የቆጠራ ቢሮው ግምት 61.2 ሚሊዮን ደርሰዋል፤ ከመቶ 18 ማለት ነው። ከአምስት ሰው አንዱ አረጋዊ ሊሆን የቀረው ጥቂት ነው።

ይህ የአገሪቱ ጠቅላላ ቁጥር ነው። በገጠርና በከተማ ሲከፈል ግን ልዩነቱ ይወጣል። ከ2012 እስከ 2016 የተሰበሰበው መረጃ እንደሚያሳየው፣ በገጠር ከሚኖረው ሕዝብ 17.5 በመቶው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ በከተማ ግን 13.8 በመቶ ነበር። ሌላም መለኪያ አለ። የአንድን አካባቢ አዋቂዎች ሁሉ፣ ማለትም 18 ዓመት ያለፋቸውን፣ በዕድሜ ቅደም ተከተል ብናሰልፋቸው፣ በሰልፉ መካከል የሚቆመው ሰው ዕድሜ ስንት ነው? በዚያው ዘመን አካባቢ በገጠር 51፣ በከተማ 45 ነበር። ስድስት ዓመት ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል፤ የ51 ዓመት ሰው ግን ልጆቹን አሳድጎ የጨረሰ፣ የ45 ዓመቱ ደግሞ ገና ትምህርት ቤት የሚያመላልስ ነውና፣ የአንድን አካባቢ ትምህርት ቤትም፣ ክሊኒክም፣ ሱቅም የሚወስነው ይህ ልዩነት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጎልማሶች ልዩ ትኩረት እንድትሰጡ እለምናችኋለሁ፤ ምክንያቱም ስለ እርጅና ስንነጋገር ሁልጊዜ የምንረሳቸው እነርሱን ነው። በ2010 ቆጠራ ከ45 እስከ 64 ዓመት የነበሩት 81.5 ሚሊዮን፣ ከሕዝቡም 26.4 በመቶ ነበሩ። እነዚህ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ከ1946 እስከ 1964 ባለው ጊዜ በብዛት የተወለዱት ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ በ2011 65 ዓመት ሞላቸው፣ በ2030 ደግሞ ሁሉም አልፈውት ይገኛሉ። እንግዲህ በ2010 የየካውንቲውን የጎልማሶች ድርሻ በጥሞና የተመለከተ ሰው፣ ዛሬ የትኛው ካውንቲ እንደሚሸመግል አስቀድሞ ማወቅ ይችል ነበር። የጎልማሳ ድርሻ የነገ የአረጋዊ ድርሻ ነው፤ ወጣቶች ካልመጡ ወይም ጎልማሶቹ ራሳቸው ካልሄዱ በስተቀር የሚለውጠው ነገር የለም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ ወደ ራሳችን ስንመጣ ያስፈልገናል።

አሁን ደግሞ ካውንቲ በካውንቲ እንየው። በአሜሪካ ካውንቲዎችና እንደ ካውንቲ የሚቆጠሩ አካባቢዎች ከ3,100 በላይ ናቸው። በ2020 አረጋውያኑ ከ18 ዓመት በታች ካሉት ልጆች የሚበልጡባቸው ከሦስት አንድ ያህሉ ነበሩ፤ በ2024 ከጠቅላላው ግማሽ ለመሆን ተቃርበዋል። በክፍለ ሀገር ደረጃ በ2020 ይህ የሆነው በሜይን፣ በቨርሞንትና በፍሎሪዳ ብቻ ነበር፤ በ2024 ፔንስልቬንያንና ዌስት ቨርጂኒያን ጨምሮ 11 ሆነዋል። በእኛ በቨርጂኒያ በተራራው በኩል ሃይላንድ ካውንቲ አለች፤ በ2020 የተቆጠሩባት ነዋሪዎች 2,232 ብቻ ሲሆኑ፣ ከሦስት ሰው ከአንድ በላይ የሚሆነው 65 ዓመት ያለፈው ነው። በአንጻሩ በአርሊንግተንና በአሌክሳንድሪያ ይህ ድርሻ ከስምንት ሰው አንድ አካባቢ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ላስታውስ። «ገጠር» እና «ከተማ» የሚሉት ቃላት በመንግሥት ሰነድ ውስጥ አንድ ትርጉም ብቻ የላቸውም። አንዱ መሥሪያ ቤት ሙሉውን ካውንቲ ከትልቅ ከተማ ጋር ባለው ግንኙነት ይመድባል፤ የቆጠራ ቢሮው ደግሞ ካውንቲውን ትቶ የሕዝቡን አሰፋፈር ያያል። የምንኖርበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው የሚኖርበት የከተማ ካውንቲ ተብሎ ይመደባል፤ ሆኖም ከመሬቱ ሲሶ ገደማው ከ1980 ጀምሮ ለእርሻ ተከልሎ የተጠበቀ ነው። ወደ ፑልስቪል የነዳችሁ ሰዎች የበቆሎውን እርሻ አይታችኋል። ስለዚህ የካውንቲ ሠንጠረዥ ስታነቡ፣ በአንድ ካውንቲ ውስጥ ሁለት ዓለም ሊኖር እንደሚችል አትርሱ።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልሻገር። ለምን እንዲህ ሆነ? ብዙ ወገኖቻችን ይህን ስነግራቸው፣ «ገጠር አየሩ ንጹሕ ነው፣ ሰው ዕድሜ ይጠግባል» ይሉኛል። አይደለም። በአሜሪካ የገጠር ሰው በአማካይ ከከተማው ሰው ቀድሞ ይሞታል። ታዲያ ቀድሞ የሚሞት ሕዝብ እንዴት በአረጋውያን ድርሻ ይበልጣል?

በዕድር ምሳሌ ላስረዳችሁ። 100 አባላት ያሉት ዕድር አለ እንበል፤ ከእነርሱ 20ዎቹ ሽማግሌዎች ናቸው። ድርሻቸው 20 በመቶ ነው። በዓመቱ 20 ወጣቶች ሥራ አግኝተው ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ። ሽማግሌዎቹ ያው 20 ናቸው፤ አንድም ሰው አልጨመሩም። አባላቱ ግን 80 ስለሆኑ ድርሻቸው 25 በመቶ ሆነ። አንድ ሰው እንኳ ሳይጨምር ዕድሩ ሸመገለ። የአብዛኛው የአሜሪካ ገጠር ታሪክ ይህ ነው። እርሻው በማሽን ሲሠራ፣ የከሰል ጉድጓዱና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲዘጋ፣ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ወጥቶ ኮሌጅ የገባው ልጅ አይመለስም። ልጅ የሚወልዱት ወጣቶች ስለሄዱ፣ ልጆቹም ሳይወለዱ አብረው ሄዱ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በካውንቲው የሚቀበረው ከሚወለደው ይበልጣል።

ነገር ግን ሁሉም ገጠር በዚህ መንገድ አልሸመገለም። በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ያሉትን ላንካስተርንና ኖርዘምበርላንድ ካውንቲዎችን ውሰዱ። እዚያም ከሦስት ሰው ከአንድ በላይ አረጋዊ ነው፤ ሆኖም ብዙዎቹ በሥራ ዘመናቸው በዋሽንግተንና በሪችመንድ ኖረው፣ ጡረታቸውን ይዘው፣ በውኃው ዳር ቤት ሠርተው የገቡ ናቸው። በፍሎሪዳ ሰምተር ካውንቲ ደግሞ ለጡረተኞች የተሠራ ትልቅ ሰፈር ስላለ ከነዋሪው ከግማሽ በላይ 65 ዓመት አልፎታል። እንግዲህ ሰምተርንና ሃይላንድን በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ጎን ለጎን ብታገኟቸው ሁለቱም «ያረጁ ካውንቲዎች» ናቸው፤ አንዱ ግን ሽማግሌዎች የመጡበት፣ ሌላው በአብዛኛው ወጣቶች የሄዱበት ነው። አንዱ ገንዘብ ይዞ የመጣ ሕዝብ አለው፤ ሌላው ግብር ከፋዩ የቀነሰበት ነው። ድርሻው ብቻውን ይህን አይነግራችሁም።

ሌላም ተቃራኒ አለ። በሳውዝ ዳኮታ ኦግላላ ላኮታ የሚባለው የቀደምት አሜሪካውያን ካውንቲ ፍጹም ገጠር ነው፤ ነገር ግን በአገሪቱ እጅግ ወጣት ሕዝብ ካላቸው ካውንቲዎች አንዱ ነው። በሚኒሶታ ዎርዚንግተን የምትባል የሥጋ ማቀነባበሪያ ያለባት የገጠር ከተማ አለች፤ ከላቲን አሜሪካ፣ ከእስያ፣ ከምሥራቅ አፍሪካም የመጡ ሠራተኞች፣ ከእነርሱም ውስጥ የእኛው ወገኖች፣ ቤተሰብ መሥርተውባት ትምህርት ቤቶቿ በልጆች ተሞልተዋል። በከተማው በኩልም የሚያሳስት ነገር አለ። በቨርጂኒያ ሌክሲንግተን የምትባለው ትንሽ ከተማ በሠንጠረዥ ላይ በጣም ወጣት ሆና ትታያለች፤ ምክንያቱ ሁለት ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ስላሉባትና ተማሪዎቹ በሚማሩበት ቦታ ስለሚቆጠሩ ነው። እነርሱን ብታወጡ የሚቀሩት ጎልማሶችና አዛውንቶች ናቸው።

የእኛን ካውንቲዎች በወጣትነት ያቆየው ምንድን ነው? ወገኖቼ፣ ያቆየነው እኛ ነን። በሞንትጎመሪም ሆነ በፌርፋክስ ከሦስት ሰው አንድ ያህሉ ከአሜሪካ ውጭ የተወለደ ነው። በሥራ ዕድሜያችን መጣን፣ ወለድን፣ ልጆቻችንን በሕዝብ ትምህርት ቤት አስገባን። ታክሲ ነዳን፣ የመኪና ማቆሚያ ጠበቅን፣ ሆስፒታል አደርን። ይህ በኩራት ሊነገር የሚገባው እውነት ነው፤ ነገር ግን ወጣት ሆኖ የሚቀር ስደተኛ የለም።

ሦስተኛው ነጥብ ይኸው ነው፤ ረዘም አድርጌ ልናገርበት ፍቀዱልኝ።

በፌርፋክስ ካውንቲ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖራል፤ ከሰባት ሰው አንዱ ገደማ 65 ዓመት ያለፈው ነው። ድርሻው ከሃይላንድ ግማሽ እንኳ አይደርስም። በሰው ቁጥር ስትሉት ግን ከ150 ሺህ በላይ ነው፤ በሃይላንድ አንድ ሺህ አይሞላም። ታዲያ የትኛው ነው የአረጋውያን ካውንቲ? ሁለቱም ናቸው፤ ችግራቸው ግን የተለያየ ነው። ገጠር በሠራሁበት ጊዜ አንድ ኩላሊታቸው የደከመ አባት ነበሩ፤ ደማቸውን ለማሳጠብ በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንዳንዴም በበረዶ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እየነዱ ይሄዱ ነበር፤ የሚነዱትም ራሳቸው ነበሩ። ከ2010 ወዲህ በአገሪቱ ገጠሮች ከ100 በላይ ሆስፒታሎች ተዘግተዋል። የገጠሩ አረጋዊ ችግር ርቀት ነው፤ የሚረዳ ወጣት እጅ ማጣትም ነው። በከተማ ግን ሆስፒታሉ ከመስኮት ይታያል፤ አረጋዊው ግን ራሱ አይታይም። ድርሻው ትንሽ ስለሆነ ካውንቲው «ወጣት» ይባላል፤ በዚህ «ወጣት» ካውንቲ ውስጥ በስድስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን የምትውል እናት ለማን ትታያለች?

የራሴን እናት ነው የምላችሁ። በ2009 በ70 ዓመቷ ልጆቼን ልታሳድግልኝ መጣች። ልጆቹ ትምህርት ቤት እስኪገቡ ድረስ ቤቱ ሙሉ ነበር። ከዚያ በኋላ እኔ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት፤ እርሷ ከጠዋት እስከ ማታ መስኮት ላይ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ፣ «ዛሬ ከሰው ጋር አንድ ቃል አልተነጋገርሁም፤ ድምፄ መኖሩን ለማወቅ ብዬ ዳዊት ጮክ ብዬ ደገምሁ» አለችኝ። በማግስቱ በአቅራቢያችን ወዳለ የአረጋውያን መዋያ ሄጄ፣ በአማርኛ የሚያነጋግር ሰው በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ማግኘት ይቻል እንደሆነ ጠየቅሁ። የተቀበለችኝ ሴት በአክብሮት ነበር የመለሰችልኝ፤ «በዚህ አካባቢ አማርኛ ተናጋሪ አረጋውያን መኖራቸውን የሚያሳይ ቁጥር የለንም» አለችኝ።

ቁጥር የለንም! እናቴ ግን ነበረች። በእኛ ሕንፃ ውስጥ የነበሩት ሌሎች እናቶችም ነበሩ።

ያ ቃል እንቅልፍ ነሣኝ። ከሁለት እህቶች ጋር ሆነን፣ ቅዳሜና እሑድ፣ ከበር ወደ በር እያንኳኳን ቆጠርን። በምንኖርበትና አጠገባችን ባለው ሕንፃ ብቻ 60 ዓመት የሞላቸው 43 ኢትዮጵያውያን አገኘን። ከእነርሱ ውስጥ ብዙዎቹ እርስ በርስ አይተዋወቁም ነበር፤ ሁለቱ የአንድ አገር ልጆች ሆነው፣ በአንድ ፎቅ ልዩነት ሦስት ዓመት ኖረው፣ አንዱ የሌላውን መኖር አያውቅም ነበር። ያን ወረቀት ይዘን ተመለስን፤ ከጥቂት ወራት በኋላ የሐሙስ ምሳ በአማርኛ ተጀመረ።

አሁን ያዙልኝ ያልኋችሁን የጎልማሶች ጉዳይ እናንሣ። ወገኖቻችን በብዛት የመጡት ከ1980 የስደተኞች ሕግ በኋላ፣ ቀጥሎም ከ1995 ጀምሮ በዲቪ ነው። በ1983 በ25 ዓመቱ በሱዳን በኩል የገባው ወንድማችን ዛሬ 65ን አልፏል። በ1998 በ28 ዓመቷ ዲቪ የደረሳት እህታችን 50ን ከተሻገረች ቆይታለች። ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ይህ አዳራሽ የጎልማሶች አዳራሽ ነው። በ2010 የአሜሪካ ገጠር የነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ እኛ ነን፤ ቁጥራችን በጎልማሳነት መስመር ላይ ተከማችቷል። በአሥር፣ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ይህ ሁሉ ሰው ወደ አረጋውያኑ መስመር ይሻገራል። ልጆቻችን ደግሞ እንደዚያች ገጠር ልጆች ናቸው፤ አንዱ በሲያትል፣ አንዷ በአትላንታ፣ አንዱ በዳላስ።

ስለዚህ ጥቂት ነገሮችን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ጎልማሶች፣ የሶሻል ሴኩሪቲ፣ ማለትም የመንግሥት የጡረታ፣ መዝገባችሁን ዛሬ ማታ ክፈቱና እዩ። ጡረታ ለማግኘትም፣ የሜዲኬርን፣ ማለትም የመንግሥቱን የአረጋውያን የጤና መድን፣ የሆስፒታል ክፍል ያለ ወርኃዊ ክፍያ ለማግኘትም 40 ሩብ ዓመት፣ ማለትም አሥር ዓመት ያህል ግብር የተከፈለበት ሥራ ያስፈልጋል። በጥሬ ገንዘብ የተከፈላችሁት፣ ያላሳወቃችሁት ሥራ አይቆጠርም። በ50 ዓመታችሁ ብታውቁት ትሞሉታላችሁ፤ በ66 ብታውቁት ግን ጊዜው ያጥራል። ወላጆቻችሁን ያመጣችሁ ደግሞ፣ 65 ዓመት ስለሞላቸው ብቻ ሜዲኬር እንደማይሰጣቸው እወቁ፤ የሥራ መዝገብ የሌለው የግሪን ካርድ ባለቤት ከፍሎ ለመግባት እንኳ በተከታታይ አምስት ዓመት መኖር አለበት።

በ1965 ሜዲኬር በታወጀበት ዓመት ሌላም ሕግ ወጥቷል፤ 60 ዓመት የሞላው ሰው ገቢው ሳይጠየቅ በጋራ የሚመገብበትን፣ ከቤት መውጣት ለማይችለውም ምግብ የሚደርስበትን አገልግሎት የሚደግፈው እርሱ ነው። በየአካባቢው ይህን የሚያስተባብር የአረጋውያን ቢሮ አለ። ገንዘቡ ለክፍላተ ሀገራት የሚከፋፈለው በዋናነት 60 ዓመት የሞላቸውን ሰዎች ቁጥር በማየት ነው። እንግዲህ መቆጠር ማለት ምሳ ማለት ነው። መቆጠር ማለት መኪና መጥቶ ክሊኒክ መውሰድ ማለት ነው።

በ2020 የቆጠራ ቅጽ ላይ ከዘር ጥያቄው ሥር ትውልዳችሁን የምትጽፉበት ባዶ ቦታ ነበር፤ ለምሳሌነት ከተዘረዘሩት ውስጥም «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ቃል ታትሞ ነበር። ስንቶቻችን ጻፍነው? ስንቶቻችን ከእኛ ጋር የሚኖሩትን እናትና አባት፣ የቤት ኪራዩን ውል ፈርተን፣ ሳንመዘግብ ቀረን? የቆጠራ መልስ በሕግ ምስጢር ነው፤ ለአከራይም ለሌላ መሥሪያ ቤትም አይሰጥም። ቀጣዩ ቆጠራ በ2030 ነው። እስከዚያ ግን መጠበቅ የለብንም።

በመውጫው በር በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀት አስቀምጠናል። ስም አይጻፍበትም፤ አድራሻም አይጻፍበትም። የሚጠየቀው በቤታችሁ ውስጥ ያሉት የ45 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ዕድሜ፣ የምትኖሩበት ካውንቲ፣ እንዲሁም በቀን ውስጥ ብቻውን የሚውል ሰው መኖር አለመኖሩ ነው። በመጀመሪያው መስመር ላይ የእናቴን ጽፌአለሁ፦ 86፣ ሞንትጎመሪ፣ ከሐሙስ በስተቀር ብቻዋን ትውላለች። ከእርሷ በታች ያለው መስመር ገና ባዶ ነው፤ እስክሪብቶውም እዚያው አለ። አመሰግናለሁ፤ ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።